ቀለም የዘለቀው አፈር

«ይህ ልጅ ቀለም አይዘልቀውም» ብለው የፈረዱብኝ ዜማ ያስተማሩኝ መምህር ናቸው። ያውም በአርባ ተማሪ ፊት። ነፍሳቸውን ይማር፤ እኔ ግን ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ድምፄ ሻካራ ነው፣ አልካድኩም። ግን ቀለም ያልዘለቀኝ ሰው ከሆንኩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቀለም እየበጠበጥኩ እንዴት ኖርኩ?

አዎ፣ ዜማው እምቢ ሲለኝ ጸሐፊ ሆንኩ። ብራና እፍቃለሁ፣ መቃ እቀርጻለሁ፣ ቀለም እሠራለሁ። ከደብረ ወርቅ ወጣ ብላ ባለች አጥቢያ ፊደልም አስቆጥራለሁ፤ ስለዚህ አገሩ ሁሉ «የኔታ ገዳሙ» ይለኛል። የምነግራችሁ ግን የእኔን ታሪክ አይደለም፤ የእህቴን ልጅ የእስከዳርን ነው። ያው እኔም አለሁበት። ባልኖርበት ይሻል ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ጥር ላይ እናትና ልጅ ተያይዘው ቤቴ መጡ። እስከዳር በዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትማር የአፈር ተማሪ ናት፤ መመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራው እኛ ሰፈር ባለው ተዳፋት ላይ ነበር። እናቷ ወለተ ኢየሱስ ደግሞ ታላቅ እህቴ ናት፤ ከቁይ የመጣችው ጠበል ልትጠጣ ነው። ሆዷን ከታመመች ሁለት ዓመት አልፏታል። ሐኪሞቹ ያዩትን አይተው፣ የሚሰጡትን ሰጥተው «እግዜር ያውቃል» ብለው ሰደዷት። እሷም ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለው።

«ሐምሌ ላይ ትመረቃለች። እስከ ሐምሌ ልዝለቅ እንጂ ከዚያ ወዲያ የራሱ ጉዳይ ነው።»

የራሱ የምትለው እግዚአብሔርን ነው። እህቴ ከፈጣሪዋ ጋር እንደ ጎረቤት ነው የምትነጋገረው።

አሁን ቦታውን ልንገራችሁ፤ ነገሩ ያለ ቦታው አይገባም። ከላይ ቤተ ክርስቲያኑና ደኑ አለ፤ ጽድና ወይራ፣ ፀሐይ የማያስገባ። ከደኑ ግርጌ የአሥራ ሁለት አባወራ የድንች ማሳ ተዳፋቱን ይዞ ይወርዳል። ከማሳው ሥር ጠበሉ ይፈልቃል። በሌላ አነጋገር፣ ደኑ ላይ የወረደ ዝናብ ማሳውን ሳይሳለም ጠበሉ አይደርስም።

ድንቹን ደግሞ ክረምት በገባ ቁጥር አንድ በሽታ ቅጠሉን እያጠቆረ ይፈጅብናል። በዚያ ዓመት አንድ ፕሮጀክት መድኃኒት አመጣለት። የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ጌቱ «ተአምር ነው» አለን። እስከዳር ስታስረዳኝ፣ መዳብ ነው፤ መዳብ ከአየር ጋር ተዋህዶ ጠቁሮ፣ ከዚያ በፋብሪካ የደቀቀ።

«ምን ያህል ቢደቅ ነው?» አልኳት።

«የኔታ፣ አንዲት የጤፍ ፍሬ ጎኗን ሃያ ሺህ ቦታ ቢከፍሏት፣ አንዱ ክፋይ የዚህ ቅንጣት ያህላል።»

«እንዲህ ያለውንስ ማን ቆጥሮት!» ብዬ ሳቅሁባት።

ፕሮጀክቱ መድኃኒቱን መጀመሪያ ፈንታ በሚባል አንድ ገበሬ ማሳ ጥግ ላይ ትንሽ ሞከረው። ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ግን ተዳፋቱን በሙሉ ሊረጭ ነው። እስከዳር መመለስ ያለባት ጥያቄ ይህ ብቻ ነው፦ ዝናብ ከቅጠል ያጠበው መዳብ አፈሩን ዘልቆ ጠበሉ ይገባል ወይስ አፈሩ ይይዘዋል? ጌቱ ርጭቱን የሚጀምረው የእሷን ወረቀት ይዞ ነው።

እንዴት እንደምትሠራ ላሳያችሁ። ክንድ የሚያህሉ ውስጣቸውን የሚያሳዩ ሦስት ቱቦዎች ከቤቴ ጣራ ጠርዝ ላይ አንጠለጠለች። አፋቸውን ከሥር በነጭ ጥጥ ወተፈች። ከፈንታ ማሳ ቀዩን አፈር አምጥታ ጥቂት በጥቂት እየጠቀጠቀች ሞላቻቸው። ከዚያ ጥቁሩን ዱቄት፣ ከዩኒቨርሲቲ በጀሪካን ባመጣችው በተጣራ ውኃ ትበጠብጥና ከላይ ታፈሳለች። ከላይ የገባው እንደ ጥላሸት የጠቆረ ነው። ከታች ጠብ የሚለው ኩልል ያለ ውኃ! ሳምንት ደገመችው፣ ወር ደገመችው፣ ያው ነው። አንዱን ቱቦ ሰንጥቃ አፈሩን በቢላዋ ስትቆርጠው ጥቁሩ ከላይ ሁለት ጣት ያህል ገብቶ ቆሟል።

«ቅንጣቶቹ ውኃ ውስጥ ብቻቸውን አይቆዩም» አለችኝ። «እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ፣ ይጓጉላሉ። የጓጎለው በአፈሩ ቀዳዳ አያልፍም። ያመለጠውንም ቀይ አፈሩ ራሱ ስቦ ይይዘዋል።»

ሚያዝያ ላይ ጌቱ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ደጀ ሰላሙ ጋ ሰበሰበ። እስከዳር ቱቦዋን ይዛ ቆመች፣ ጥቁሩን አፈሰሰች፣ ከታች የወረደውን በብርጭቆ ተቀብላ ለሁሉም አሳየች። ጠበሉን የሚጠብቁትና የሚያጠምቁት ቄስ ወልደ ሰንበት ግን ፊታቸው አልፈታም። ብርጭቆውን አገላብጠው አዩና «እኔ እንጃ» አሉ። በቃ፣ ይቺ «እኔ እንጃ» አናደደችኝ። የእህቴ ልጅ ከጥር ጀምሮ በፀሐይ ስትቃጠል አይቻለሁ። ብድግ አልኩ።

«ወገኖቼ፣ አፈራችን እንደኔ ነው፤ ቀለም አይዘልቀውም! እኔ ገዳሙ ዋስ ነኝ!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ጌቱ አጨበጨበ። እኔም ያን ስድብ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቁም ነገር አዋልኩት ብዬ ቀኑን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ስለ ጠበላችንም አንድ ነገር ልጨምር፣ ኋላ ይመጣል። ጠበል ጠጪ ጠዋት በባዶ ሆዱ ሦስት አራት ጆግ ይጠጣል። ብዙውን ጊዜ ያስመልሰዋል። ሲያስመልሰው ደግሞ «ሕመሙ ወጣለት» ይባልና እልል ይባልለታል። ግንቦት ላይ እህቴን እንዲሁ አስመለሳት። አጠገቧ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። «እልል በሉ እንጂ!» ብዬ ሴቶቹ ላይ የጮህኩትም እኔ ነኝ። እልልታው ተራራውን ሞላው። እሷም በነጠላዋ አፏን እየጠረገች አብራ እልል አለች።

ወደ ጥፋቴ እንምጣ።

ቀለም የሚሠራው ከጥቀርሻ ነው። ድሮ የሣር ቤት ጣራ ሥር ጥቀርሻው እንደ ፀጉር ተንጠልጥሎ ይገኝ ነበር። ዛሬ ሁሉም ቆርቆሮ አለበሰና ለእኔ ብጤ ጸሐፊ መከራ ሆነ። እስከዳር ከተማ በሄደች ቁጥር «እስቲ ከዚያ ከሰለጠነው አገር ጥሩ ጥቀርሻ አምጪልኝ» እያልኩ እቀልድባት ነበር። ግንቦት መጨረሻ ላይ ጽሑፏን ልታጠናቅቅ ለሁለት ሳምንት ከተማ ሄደች። በሄደች በሁለተኛው ቀን መደርደሪያው ላይ አንድ የላስቲክ ከረጢት አገኘሁ። ፈታ ባደርገው ጥቁር ዱቄት! በሁለት ጣቴ ዳሰስኩት፤ እንደሱ የላመ ጥቀርሻ በዕድሜዬ ነክቼ አላውቅም።

«አይ ልጄ! ቀልዴን ቁም ነገር አድርጋ፣ ሳትነግረኝ አስቀምጣልኝ ሄደች!» አልኩ። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ምን አለበት ልናገረው።

የግራር ሙጫ ዘፍዝፌ አሟሟሁ፤ ዱቄቱን ጨመርኩ። ሌላው ጥቀርሻ ስንት ቀን ነው የሚታሸው! ይሄ ወዲያው ተዋሐደ። በጠርሙስ ሞልቼ አስቀመጥኩት፤ አንድ ሰው ያዘዘኝን የጸሎት መጽሐፍም በዚያው ቀጠልኩ። ግማሽ ገጽ ጻፍኩበት። ብራናው ላይ ተኛ ስትሉት የሚተኛ፣ ቁም ስትሉት የሚቆም ቀለም!

ሰኔ በገባ በሳምንቱ እስከዳር ተመለሰች። ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ መደርደሪያውን ታስስ ጀመር።

«የኔታ፣ እዚህ የነበረ ጥቁር ዱቄት አላዩም?»

«አየሁ እንጂ! እግዜር ይስጥሽ፣ የሚገርም ጥቀርሻ ነው።»

«ምን አደረጉት?»

«ምን አደርገዋለሁ? ቀለም ሠራሁበት።»

መሬት ላይ ዘጭ አለች። «የኔታ! መዳቡ እኮ ነው! ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ስንት ደጅ ጠንቼ ያገኘሁት!»

«ታዲያ ስሙን አትጽፊበትም?»

«ጽፌበታለሁ!»

«በፈረንጅ ፊደል!»

እሷም ጮኸች፣ እኔም ጮህኩ። ሰው ሲያፍር ይጮሃል አይደል? ከዚያ አፌ አመለጠኝ። «ሂጂልኝ! ዕቃ ማስቀመጥ የማታውቂ፣ አንቺም ቀለም የማይዘልቅሽ!» አልኳት። እኔን ሠላሳ ዓመት ያቃጠለኝን ቃል፣ ያንኑ ቃል፣ በገዛ አፌ ለእህቴ ልጅ። ከአፌ ሲወጣ ምላሴን ብነክሰው በወደድኩ።

እሷ ግን «መቼ ነው የሠሩት?» አለች።

«አሥራ ሁለት ቀኑ።»

ጠርሙሱን አንስታ ወደ ፀሐዩ አቀናችው። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነው። ከሥሩም የዘቀጠ ነገር የለም።

«ነቅንቀውታል?»

«ቀለም ይነቀነቃል እንዴ? ዘቅጦ የሚነቀነቅ የሰነፍ ቀለም ነው።»

«የእኔ እኮ ከሦስት ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ይዘቅጣል። ምን ጨመሩበት?»

«ሙጫ ነዋ! ሙጫ የሌለው ጥቀርሻ እርስ በርሱ ተያይዞ ይዘቅጣል። ሙጫው እያንዳንዷን ቅንጣት ያለብሳታል፤ የለበሰች ከሌላዋ አትጣበቅም። ይህን እኮ ጀማሪ ጸሐፊም ያውቀዋል፣ አንቺን ምን አስተማሩሽ?»

ዓይኗ ቱቦዎቹ ላይ ነው። ተነስታ ከቀለሜ ጥቂት ቀዳች፣ በውኃ አቀጠነችው፣ አፈር በሞላው ቱቦ አናት ላይ አፈሰሰችው። ጎን ለጎን ቁጭ ብለን መጠበቅ ያዝን። መጀመሪያ ጠብ ያለው ንጹሕ ነበር። ቀጥሎ አመድማ ሆነ። እኩለ ቀን ሲሆን ጥጡ ጠቆረ፤ ከሥሩ ያስቀመጠችው ብርጭቆ ውስጥ ጥቁር ውኃ ጠብ፣ ጠብ ይል ጀመር።

«ዘለቀ» አለች ቀስ ብላ።

እኔ ጅሉ መጀመሪያ ደስ አለኝ! «የኔ ቀለም ነዋ! እንኳን አፈር ድንጋይ ይዘልቃል!» ብዬ ጭኔን መታሁ። ከዚያ ፊቷን አየሁት። ወረቀት መስሏል።

«የኔታ፣ ማሳው ላይ ሙጫ የሚሆን ነገር ይኖራል?»

«ማሳ ላይ ሙጫ ከየት...» ብዬ ጀመርኩና አልጨረስኩትም። ሁለታችንም ወደ ላይ፣ ወደ ደኑ ቀና አልን። ከዝናብ በኋላ ከዛፎቹ ሥር የሚወርደው ውኃ እንደ ሻይ የቀላ ነው፤ ለዘመናት የበሰበሰ ቅጠል እያጠበ የሚመጣ። ስንነካው ያሟልጫል። ያ ውኃ የሚያልፈው በድንቹ ማሳ ነው።

በነጋታው ዝናብ ጣለ። ሁለት ባልዲ ይዘን ወጣን፤ አንዱን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ከከተማ ይዛው የተመለሰችው ትንሽ ዱቄት ነበራት፣ በዚያ ሻይ በመሰለ ውኃ በጠበጠችው። እስከ ማታ አልዘቀጠም። በሌላኛው ቱቦ አፈሰሰችው። እንደ ሙጫው አልጠቆረም፤ ጥጡ ግን አመድ መሰለ። ከሥር የወረደውን በጠርሙስ አድርጋ፣ ከጠበሉም ጨልፋ፣ በሚኒባስ ዩኒቨርሲቲ ላለች ጓደኛዋ ላከች፤ እዚያ በማሽን ይለካል። በአራተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ጠበሉ ውስጥ ምንም የለም፤ የተረጨው ገና የማሳ ጥግ ነውና። በቱቦው በኩል ግን መቶ ገብቶ ሠላሳው ወጥቷል።

ስልኩን ዘግታ የቤቴ ደፍ ላይ ተቀመጠች።

«እንግዲህ ምን ይሁን?» አልኳት።

«ጽሑፌ አልቋል፣ የኔታ። የሚቀረው ማስገባት ነው። የተጻፈው ውሸት የለበትም፤ በተጣራ ውኃ አይዘልቅም ነው የሚለው። አይዘልቅምም።»

«ታዲያ አስገቢዋ!»

«ዝናብ ግን የተጣራ ውኃ አይደለም። ይህን ከጨመርኩ እንደገና ልሠራው ነው። ሙሉ ክረምት፣ ሌላ ማሳ፣ ሌላ ልኬት። ዓመት ይፈጃል።» ድምፅዋ ተሰበረ። «እናቴ ዓመት የላትም።»

እዚህ ላይ ያልኩትን ስነግራችሁ አፍራለሁ፤ ግን ካልነገርኳችሁ ታሪኩ ጎዶሎ ነው። እህቴን እወዳታለሁ። እናታችን ሞታ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ልጇን በዚያ ጥቁር የምርቃት ካባ ሳታይ እንድትሞት አልፈለግሁም። «ስሚኝ» አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «አንድ ክረምት ነው። አንድ ክረምት ቢረጭ የሰው ዘር አያልቅም። ተመረቂ፣ እናትሽ ትይሽ፤ በመስከረም ትናገሪያለሽ። እኔም አብሬሽ እናገራለሁ።»

«እነማን ናችሁ እናንተ፣ ምንድን ነው በመስከረም የምትናገሩት?»

እህቴ ናት። ጆጓን ይዛ ከጠበል እየተመለሰች፣ ከግድግዳው ጥግ ቆማ ሰምታናለች። እስከዳር ልትሸፍን ሞከረች፤ እህቴን ግን ማንም ሸፍኖባት አያውቅም። ሁሉንም አስተረከችን። ቱቦውን አየች፣ ጥጡን አየች፣ ጠርሙሱን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ገዳሙ፣ በሚያዝያ ዋስ ነኝ ያልከው ለማን ነው?»

«ለሕዝቡ።»

«እሺ። ባለፈው ሲያስመልሰኝ ምን አልክ?»

«እትዬ፣ ያ እኮ ጠበሉ ነው። ተለክቷል፣ ምንም የለበትም...»

«ምን አልክ ነው ያልኩህ!»

«እልል በሉ።»

«ይህ መዳብ የገባበት ውኃ ሲጠጣ ምን ያደርጋል?» ብላ ልጇን ጠየቀቻት።

እስከዳር መሬት መሬት እያየች «ሲበዛ... መጀመሪያ ሆድ ያውካል፣ ያስመልሳል» አለች።

«አያችሁ? እዚህ ምንጭ ላይ አመመኝ ብሎ የሚጮህ ሰው የለም። ባስመለሰው ቁጥር ተመስገን ነው የሚለው። አጠገቡ ያለውም እልል ይልለታል፤ እኔም እላለሁ። ሌላ አገር ቢሆን ሕመምተኛው ራሱ ይናገራል። እዚህ ከናንተ ከሁለታችሁ በቀር የሚያውቅ ማን አለ?»

እህቴ ጆጓን አስቀመጠችና ነጠላዋን አስተካከለች።

«እኔ ልብስ ልይ ብዬ ሰው መርዝ ሲጠጣ እልል ልበል? ስንት ጊዜ ይፈጃል አልሽ?»

«ዓመት» አለች እስከዳር፣ እያለቀሰች።

«እንግዲህ ዓመት ልዝለቅ ነዋ» አለችና ሳቀች። አሥር እርምጃ ስትራመድ የሚደክማት ሴት ናት እንዲህ ያለችው። እኔ ወደ ጓሮ ሄድኩ፤ እዚያ ምን እንዳደረግሁ አይጠየቅም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያው ቦታ፣ ደጀ ሰላሙ ጋ ቆምኩ። ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። «ወገኖቼ፣ ዋስትናዬን አንስቻለሁ» አልኩ።

ቄስ ወልደ ሰንበት መቋሚያቸውን ተደግፈው «ምነው የኔታ፣ አፈራችን ቀለም አይዘልቀውም አላልክም?» አሉኝ። ዓይናቸው ይስቃል፣ እሳቸው እንዲህ ዓይነት አጋጣሚ አያልፉም።

«ሙጫውን ረስቼ ነው፣ አባ።»

እስከዳር ሁለት ቱቦ ጎን ለጎን አቁማ አሳየች። አንዱ የተጣራ ውኃ፣ አንዱ የደናችን ውኃ። ሁለቱም ጥጦች ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። ፈንታ ጥጡን አሸተተው፤ ምን እንደሚሸተው ግን እንጃ። ጌቱ ተበሳጨ፣ «ድንቹ ይጥፋ እንዴ?» ብሎ ጮኸ፤ እውነትም አለው፣ ገበሬው የሚበላው ድንቹን ነው። ግን የጮኸውን ጮኾ ሲያበቃ ቱቦውን ራሱ ሞከረው። ተዳፋቱ ሳይረጭ ቀረ። በነሐሴ ፕሮጀክቱ መድኃኒቱን ከተራራው ማዶ፣ ደንም ምንጭም ወደሌለበት ሜዳ አዛወረው። የእኛ ድንች በዚያ ክረምት እንደ ልማዱ ጠቆረ፤ ግማሹን አጣን። ሰውም ሲያማን ከረመ፣ አይፈረድበትም።

በሐምሌ ሌሎቹ ሲመረቁ እስከዳር ቦቲ ጫማ አጥልቃ ጭቃ ውስጥ ነበረች። እናቷ ደፉ ላይ ተቀምጣ ጠርሙስ ትቆጥርላት ነበር። «ይቺ ከደን፣ ይቺ ከማሳ» እያለች ትለያለች፤ ከልጇ ይልቅ እሷ ነበረች የማትሳሳት። የጸሎት መጽሐፉን ላዘዘኝም ሰው ግማሽ ገጹ በመዳብ እንደተጻፈ ነገርኩት። «ይለቃል?» አለኝ። «አይለቅም» አልኩት። «ታዲያ ምን ቸገረኝ» አለና ወሰደው።

ወለተ ኢየሱስ መስከረምን አየች፣ ልደትን አየች፣ ጥምቀትን አየች። እስከ መጨረሻው ሳምንት ጠበሏን ጠጣች። በየካቲት ዐረፈች። ሐምሌ አምስት ወር ቀርቶት ነበር።

በ2007 ሐምሌ ምርቃቱ ላይ በእህቴ ፈንታ የሄድኩት እኔ ነኝ። የላስቲክ ወንበር ላይ ስድስት ሰዓት ሙሉ አስቀመጡን። ስሟ ሲጠራ እልል ልል ብድግ አልኩና አለቀስኩ፤ ከአጠገቤ የነበረች የማላውቃት ሴት አለችልኝ። ሲያልቅ እስከዳር ካባዋን እንደለበሰች መጥታ የታሰረ ጽሑፏን ሰጠችኝ። ገለጥኩት፤ ከዳር እስከ ዳር የፈረንጅ ፊደል ነው።

«አንቺ ልጅ፣ አሁንም በማላነበው?»

«መጀመሪያውን ገጽ እኔ ላንብብልዎ» አለችና በአማርኛ አነበበችው። «ለእናቴ ለወለተ ኢየሱስ፤ ተናገሪ ላለችኝ። ሙጫውን ላሳዩኝም ለየኔታ ገዳሙ።»

«ያን ቀን ያልኩሽን...» ብዬ ጀመርኩ።

«የቱን?» አለች። ረስታው አይደለም። እንድረሳው ብላ ነው።

ቤቴ እንደገባሁ ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አወረድኩ። ከሠራሁት ዓመት ከአንድ ወር አልፎታል። አልዋሽም፣ ከሥሩ ትንሽ ዘቅጧል። ላዩ ግን ያን ጊዜ እንደነበረው ጥቁር ነው። ከመጽሐፉ የተረፈች ቁራጭ ብራና ነበረችኝ። ጠርሙሱን ሳልነቀንቀው መቃዬን ነከርኩና የእህቴን ስም ጻፍኩ።